ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ድምፁ ይመርመር

(ለካኩማ ሾፌሮች፣ መካኒኮችና የአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር)



 ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ይኸውም ያረጀ መኪና ሞተር ያልተለመደ ድምፅ ሲያሰማ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ከመካከላችሁ መካኒኮች አላችሁ፤ ሾፌሮች አላችሁ፤ ሙያውን ገና በመማር ላይ ያላችሁ ወጣቶችም አላችሁ። መፍቻ ይዛችሁ የማታውቁ፣ ነገር ግን በእነዚህ መኪናዎች የምትሳፈሩም ጥቂት አይደላችሁም። ስለዚህ ንግግሩ ሁላችሁንም ይመለከታል።

የካኩማ ካምፕ ከተቋቋመበት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ አካባቢ ብዙ አሮጌ መኪና ሲያገለግል ኖሯል። ላንድክሩዘሩም፣ ሃይሉክሱም፣ ፕሮቦክሱም ወደ እኛ እጅ የሚደርሰው በአብዛኛው ሌላ ሰው ለብዙ ዓመታት ከነዳው በኋላ ነው። ከካኩማ እስከ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የታመመ ሰው፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ለሱቅ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ይጓዛል። ሞተሩ መሀል መንገድ ላይ ቢሞት ጥላና ውኃ እንደ ልብ አይገኝም። በሌላ በኩል መኪናው የብዙ ሰዎች የዕቁብ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ያለ ምርመራ የተፈታ ሞተር ያንን ገንዘብ በአንድ ቀን ሊበላው ይችላል። እንግዲህ ሁለት አደጋ አለብን ማለት ነው። አንዱ መቆም ሲገባን መንዳት ነው። ሁለተኛው መፍታት ሳያስፈልገን መፍታት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ አሮጌ ሃይሉክስ ሚኒሞ ላይ ሲሆን ከፊት በኩል ከባድ መንኳኳት ያሰማ ነበር። የታየበት ጋራዥ ድምፁን እንደ ሰማ «ቢዬላ ነው» ብሎ ፈረደ። የዘይት ቋቱ ወረደ፤ ብሮንዚናዎቹ በአዲስ ተለወጡ፤ ባለቤቱም የብዙ ወራት ገቢውን ከፈለ። ሞተሩ ሲነሣ መንኳኳቱ እንደ ነበረ ነው። በኋላ ሲታይ የላላው ከኮሎው ጫፍ ላይ ያለው የፑሌጃ ብሎን ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሞተሩን አጥፍቶ ፑሌጃውን በእጅ መወዝወዝ ብቻ ነበር። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የአባቶች ምክር ለጋራዥም ይሠራል።

ከመፍቻው በፊት ጥያቄ

ሐኪም በሽተኛን ሳይጠይቅ መድኃኒት አያዝም። መካኒክም ሾፌሩን መጠየቅ አለበት። ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው። ድምፁ መቼ ጀመረ? ከመጀመሩ በፊት መኪናው ላይ ምን ሥራ ተሠርቶ ነበር? የሚሰማው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው ወይስ ሲሞቅ? ድምፁ የሚፈጥነው ከሞተሩ ዙር ጋር ነው ወይስ ከመኪናው ፍጥነት ጋር? ጭነት ሲበዛና ዳገት ሲወጣ ይብሳል ወይስ አይብስም?

ሁለተኛውን ጥያቄ አትናቁት። ቺንጋ በተለወጠ ማግሥት የመጣ ጩኸት መነሻው ብዙውን ጊዜ ያው ቺንጋ ነው። አራተኛው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ድካም ያድናል። መኪናውን አቁሙ፤ ማርሹን ባዶ አድርጉ፤ የነዳጅ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ድምፁ አብሮ ከጨመረ ከሞተሩ ወይም ሞተሩ ከሚያዞረው ነገር ነው። መኪናው ቆሞ የማይሰማ፣ ሲሄድ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ወደ ጎማው፣ ወደ ኩሽኔታውና ወደ ትራንስሚሲዮኑ ሂዱ።

ፍሪሲዮኑንም ፈትኑ። ማርሹ ባዶ ሆኖ ሞተሩ እየሠራ የሚሰማው ድምፅ ፔዳሉ ሲረገጥ ከጠፋ የካምቢዮው ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ሲረገጥ ከጀመረ ደግሞ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም የሞተር በሽታ አይደሉም።

ዘይቱን እዩ

ማንኛውም ዓይነት መንኳኳት ሲሰማ የመጀመሪያው ሥራ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ማውጣት ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ ዘንጉ በጨርቅ ተጠርጎ እንደገና ይግባና ይታይ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ በትክክለኛው ዘይት ሙሉና እንደገና አዳምጡ። ዘይቱ ከወተት ጋር የተቀላቀለ ቡና መስሎ ከታየ ውኃ ገብቶበታልና ሞተሩን አታስነሡት። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ነዳጅ እየገባበት ነው፤ ቀጥኗልም ማለት ነው።

ዘይቱ ልክ ሆኖ መንኳኳቱ ከቀጠለ ግፊቱ ይለካ። የዘይት መብራቱ መቀስቀሻ ከታሰረበት ቀዳዳ ይፈታና በምትኩ የግፊት መለኪያ ይታሰር። በልምድ የሚታወቀው መመሪያ በሞቀ ሞተር ላይ ለእያንዳንዱ 1000 ዙር ወደ 10 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ነው። ትክክለኛው ቁጥር በየመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይገኛል። መለኪያው ካልተገኘ ተዋሱት፤ በጋራ መግዛትም ይቻላል። አንድ የግፊት መለኪያ ብዙ ሞተር ያለ ምክንያት ከመፈታት ያድናል።

ድምፁ ከየት ነው?

ድምፅ በብረት ውስጥ ይጓዛል። ስለዚህ ከላይ የሚሰማው ከታች ሊሆን ይችላል። ለማዳመጥ ረጅም ካቻቢቴ ይበቃል። ጫፉ ሞተሩን ይንካ፤ እጀታው ከጆሮ አጠገብ ባለው አጥንት ላይ ይደገፍ። ከቦታ ቦታ እያዛወራችሁ ድምፁ የሚጎላበትን ፈልጉ። ለጋዝና ለአየር ማምለጥ ደግሞ የአንድ ሜትር የጎማ ቱቦ ይሻላል። አንዱን ጫፍ ጆሮ አጠገብ፣ ሌላውን በጓርኒሲዮኑ ዙሪያ አዙሩ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ። ካቻቢቴውም ቱቦውም ወደ ቬንትሌተሩና ወደ ቺንጋው መቅረብ የለበትም። ነጠላ ወይም ሻሽ የለበሰች እህት ጫፉን ትሰር፤ ሰፊ እጅጌ ይጠቅለል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አይነሣ፤ ጭሱ ይገድላል።

ከዚያ የቺንጋውን ነገር ለዩ። በተለይ ጠዋት ሲነሣ ሲጢጥ የሚል ጩኸት ከቺንጋ ሊሆን ይችላል። በምትሽከረከረው ቺንጋ የጎድን በኩል ከርቀት ጥቂት ውኃ ርጩባት። ጩኸቱ ለጊዜው ከጠፋ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ አልቆሙም። ከባሰ ቺንጋዋ ላልታለች። ጩኸቱ ጭራሽ ካልተለወጠ የዲናሞው ወይም የውኃ ፓምፑ ኩሽኔታ ይጠርጠር። ለማረጋገጥ ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋዋ ትውጣ፤ ሞተሩም ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይነሣ። ድምፁ ከጠፋ ሞተሩን መፍታት አያስፈልግም። ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ በእጅ አዙሩ፤ የሚሻክረውና የሚወዛወዘው እርሱ ነው። ቺንጋ ወጥቶ ግን መኪና አይነዳም። የውኃ ፓምፑ ሊቆም ይችላል፤ በአንዳንድ የናፍጣ ቶዮታዎችም ለፍሬን የሚረዳው የቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ስላለ ፍሬኑ ይከብዳል።

ቀላሉና ከባዱ መንኳኳት

ሞተራችን አራት ምት ያለው ነው። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሚኒሞው 800 ዙር ቢሆን ኮሎው በሴኮንድ 13 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቫልቮላ ግን የሚከፈተው በሴኮንድ ከ6 እስከ 7 ጊዜ ነው። ስለዚህ ከላይ ከክዳኑ ሥር የሚመጣ፣ ቀለል ያለና ዘገም ያለ ጠቅ ጠቅ የቫልቮላ ክፍተት መስፋትን ያመለክታል። ከታች ከዘይት ቋቱ አካባቢ የሚመጣ፣ ከበድ ያለና የፈጠነ መንኳኳት ደግሞ የኮሎውን ወይም የቢዬላውን ብሮንዚና ያስጠረጥራል። ይህ የመጀመሪያ ፍንጭ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። የተበላሸ የናፍጣ ኖዝልም ቀስ ብሎ ያንኳኳልና።

ሙቀቱም ይመሰክራል። ጠዋት በብርድ ጮኾ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ መንኳኳት ብዙውን ጊዜ ሲሊንደሩ ውስጥ የላላው ፒስቶን ነው። እንዲህ ያለው ሞተር በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ ሊያገለግል ይችላል። የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ሲነድም እንዲሁ በብርድ ጠቅ ጠቅ ይልና ብረቱ በሙቀት ሲሰፋ ድምፁ ይቀንሳል፤ ጥቀርሻው ግን ቦታውን ያሳያል። በተቃራኒው ሲሞቅ የሚብሰው መንኳኳት አስጊ ነው። ዘይት ሲሞቅ ስለሚቀጥን ያለቀ ብሮንዚናን መደገፍ ያቅተዋል።

የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ ሥራ ማስፈታት ነው። ካርቡራተር ባለው አሮጌ የቤንዚን ሞተር የካንዴላው ገመድ በደንብ በተሸፈነ ፒንሳ ይነቀልና ከሞተሩ ብረት ጋር ይነካካል። በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ደግሞ የኖዝሉ ቱቦ ዳዶ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥቂት ይላላል። በአንዱ ሲሊንደር ላይ መንኳኳቱ በግልጽ ከቀነሰ ችግሩ እዚያ ነው። በየትኛውም ካልተለወጠ ወደ ኮሎው ዋና ብሮንዚናዎችና ከውጭ ወዳሉት ዕቃዎች ተመለሱ። ናፍጣ በሚፈስበት ቦታ እጅ አይቅረብ፤ ዓይን ይሸፈን። በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆንም ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው። ይህ ፈተና በኮምፒዩተር ለሚታዘዙ ለአዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ፈጽሞ አይደረግም፤ በውስጣቸው ያለው ግፊት እጅግ ከፍተኛ ነው።

የነዳጅም ድምፅ አለ

የቤንዚን ሞተር ዳገት ሲወጣ ሳንቲም በጣሳ ውስጥ እንደሚናወጥ ያለ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ምክንያቱ እሳቱ ቀድሞ መምጣቱ፣ የሞተሩ ከመጠን በላይ መሞቅ፣ የከሰል መከማቸት ወይም ደካማ ቤንዚን ነው። በቤንዚን ላይ የተጨመረ ነጭ ጋዝ ይህን ድምፅ ያመጣል። በናፍጣ ላይ ሲጨመር ደግሞ የነዳጅ ፓምፑን ልስላሴ ያሳጣዋል። የኬንያ መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. በነጭ ጋዝ ላይ በሊትር የ18 ሽልንግ ቀረጥ የጣለው ይህን መቀላቀል ለመግታት ነበር። ስለዚህ ድምፁ ነዳጅ በተሞላ ዕለት ከጀመረ ሞተሩን ሳይሆን በመጀመሪያ ነዳጁን መርምሩ። በርካሽ በጀሪካን የተገዛ ነዳጅ በመጨረሻ ውድ ይሆናል።

ሞተሩን ወዲያው አጥፉ

ወንድሞቼ ሾፌሮች፣ ከዚህ ንግግር ሌላው ቢረሳ ይህ አይረሳ። ቀዩ የዘይት መብራት በርቶ ሞተሩ ካንኳኳ መኪናውን ወደ ዳር አውጡና ሞተሩን በዚያው አጥፉ። «ካኩማ ደርሼ አሳየዋለሁ» አይባልም። ዘይት የማይደርሰው ብሮንዚና በደቂቃዎች ውስጥ ሊነድ ይችላል። ከዚያም ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ሊበሳ ይችላል። ሲቆም በጥቂት ገንዘብ ይጠገን የነበረው ሲነዳ ሞተር ያስለውጣል። እንዲሁም የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ከወጣና ሞተሩ ከጮኸ ቁሙ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ። በድንገት የመጣ ከባድ የብረት ለብረት ግጭትም እንዲሁ ነው።

ተሳፋሪዎችም ሾፌሩን አታጣድፉት። ቆሞ የሚመረምር ሾፌር የእናንተን ሕይወት የሚያስብ ሾፌር ነው።

ድምፅ የሌለው አደጋ

ጸጥ ያለ ሞተር ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ክፍተቱ ከልክ በታች የጠበበ ቫልቮላ አይጮኽም፤ ነገር ግን በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። ስለዚህ ጠቅ ጠቅ የሚለውን ቫልቮላ ለማስታገሥ ብሎ በግምት ማጥበቅ ጥፋት ነው። ክፍተቱ በመመሪያው ልክ፣ በሚለካበት ስስ ብረት ይስተካከል።

በላንድክሩዘር ላይ የምናውቀው 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ካምሻፍቱን የሚያዞርበት የጎማ ቺንጋ አለው። የተለመደው የመለወጫ ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ቺንጋ ከመበጠሱ በፊት ላይጮኽ ይችላል። ሲበጠስ ቫልቮላዎቹ ከፒስቶን ጋር ይጋጫሉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ፣ መቼ እንደተለወጠም የሚያውቅ ከሌለ፣ እንዳለቀ ቁጠሩትና ለውጡት፤ ቀኑንም በቀለም ሞተሩ ክዳን ላይ ጻፉ። በአንዳንድ የአሮጌ ሃይሉክስ ላይ ያለው 22አር የተባለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት አለው። ሰንሰለቱ ግን ያስጠነቅቃል። የሚመራው ፕላስቲክ ሲሰበር ጠዋት ሲነሣ ይንኳኳል። ችላ ከተባለ ሰንሰለቱ የፊቱን ሽፋን እየፋቀ ይበሳውና ውኃ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል።

መኪና ለምትገዙ

ዕቁብ ጥላችሁ ወይም በጋራ ሆናችሁ አሮጌ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ ሞተሩን በቀዝቃዛው ስሙት። ጠዋት ቀድማችሁ ሂዱ፤ እጃችሁንም ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ «ነገ እመለሳለሁ» በሉ። ያለቀ ሞተር ከመጠን በላይ በወፈረ ዘይት ለጥቂት ቀን ዝም ሊል ይችላል። ከዚያም አሙቃችሁ ዳገት ላይ ንዱት፤ በብርድ የተደበቀው በሙቀት ይወጣልና። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ስለ ዕቃ ስም

እኛ ከአገር ቤት ይዘን የመጣነው የጋራዥ ቋንቋ ብዙው ከጣልያን የተወረሰ ነው። በኬንያ የመለዋወጫ ሱቆች፣ ናይሮቢ ኪሪንያጋ ጎዳና ጭምር፣ ቃሉ ሌላ ነው። ዕቃ በስልክ ስታዝዙ ተሳስቶ እንዳይመጣባችሁ ልብ በሉ። ቢዬላን ኮንሮድ፣ የቢዬላ ብሮንዚናን ኮንሮድ ቤሪንግ፣ የኮሎን ዋና ብሮንዚና ሜይን ቤሪንግ፣ ቴስታታን ሲሊንደር ሄድ፣ ጓርኒሲዮንን ጋስኬት፣ ካንዴላን ስፓርክ ፕላግ፣ ፍሪሲዮንን ክላች፣ ቺንጋን ቤልት፣ ዲናሞን ኦልተርኔተር በሏቸው። የሞተሩንም ቁጥር ከብረቱ ላይ አንብባችሁ ላኩ። ከተቻለ አሮጌውን ዕቃ አስይዛችሁ ስደዱ።

ወጣት ሠልጣኞች፣ እዚህ አገር በፀሐይ ላይ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎችን «ጁዋ ካሊ» ይሏቸዋል፤ የሚያቃጥል ፀሐይ ማለት ነው። ከእነርሱ ጋር ስትሠሩ መሣሪያ ማነሱ አያሳፍርም። አንድ ረጅም ካቻቢቴ፣ አንድ የጎማ ቱቦ፣ አንድ ደብተርና የሚያዳምጥ ጆሮ ካላችሁ ብዙ መሥራት ይቻላል። በደብተሩ ላይ የሾፌሩን መልስ፣ የሰማችሁትን ድምፅ፣ ያደረጋችሁትን ፈተናና የተገኘውን ምክንያት ጻፉ። አላውቅም ማለት ካስፈለገም ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩት። «ገና አልለየሁትም፣ አንድ ፈተና ይቀረኛል» የሚል መካኒክ ደንበኛ አያጣም። ሳያውቅ የፈታ ግን ስሙን ያጣል። በስደት ላለ ሰው ደግሞ ስሙ ካፒታሉ ነው።

በአጭሩ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጠይቁ፤ ዘይቱን እዩ፤ የሞተሩ መሆኑን ለዩ፤ ቺንጋውንና ከውጭ ያለውን ሁሉ ፈትኑ፤ አዳምጡ፤ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ መርምሩ፤ ግፊቱን ለኩ። መፍቻ የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ድምፅ ያለው መኪና ያላችሁም ነገ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሡ ቆዩኝ፤ አብረን በቀዝቃዛው እንሰማዋለን።